ገዛን ወይስ ተከራየን?

አንድ ሰው መርካቶ ወርዶ ወንበር ቢገዛ ሻጩ ከአምስት ዓመት በኋላ ቤቱ ገብቶ ወንበሩን ይዞበት ሊሄድ አይችልም። ሻጩ ሱቁን ቢዘጋ፣ ቢከስር ወይም ወደ ሌላ ንግድ ቢዛወር እንኳ ወንበሩ የገዢው ነው። ቢፈልግ ይቀመጥበታል፤ ቢፈልግ ይሸጠዋል፤ ለጎረቤት ያውሰዋል፤ ሲሞትም ለልጆቹ ይተወዋል። "ሸጥኩ" እና "ገዛሁ" የሚሉትን ቃላት ለመረዳት የሕግ ትምህርት የሚያስፈልገው ሰው የለም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሰው የተገበያየው በዚህ መግባባት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መግባባት በኮምፒዩተርና በስልክ በኩል በሚካሄደው ንግድ ውስጥ እየጠፋ ነው። ሶፍትዌር፣ መጽሐፍ፣ ፊልምና ጌም የሚሸጡ ብዙ ኩባንያዎች "ግዛ" የሚል ጽሑፍ አስቀምጠው ገንዘብ ይቀበላሉ። ከስር በሰፈረው ውል ግን ሸቀጡ የራሳቸው እንደሆነ፣ ገዢው ያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነና ፈቃዱም ሊነሳ እንደሚችል ይጽፋሉ። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ግብይት ሽያጭ ሊባል ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው።

ጉዳዩ በሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ ኪንድል ለተሰኘው የማንበቢያ መሣሪያ የገዟቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ከሩቅ ሆኖ ሰረዘ። ምክንያቱ መጻሕፍቱን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን መብቱ እንደሌለው መታወቁ ነበር። ኩባንያው ገንዘቡን መለሰ፤ መሥራቹ ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ከተሰረዙት አንዱ፣ መንግሥት ያልወደደውን ጽሑፍ ሁሉ ስለሚያጠፋበት አገር የሚተርከው "1984" መሆኑ ነገሩን የበለጠ አነጋጋሪ አድርጎታል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቤት መብራትና መሰል ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው፣ በ300 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ሪቮልቭ የተባለ መሣሪያ ተራው ደረሰ። አምራቹን የገዛው ኔስት የተባለው የጉግል እህት ኩባንያ ሰርቨሩን ሲዘጋው መሣሪያው በገዢው ቤት እንደተቀመጠ መሥራቱን አቆመ። በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው "ዘ ክሩ" የተሰኘ የመኪና እሽቅድምድም ጌምም መጋቢት 31 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ሰርቨሩ ተዘጋ። አምራቹ የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት ነው። ጌሙ ያለ ሰርቨር እንዳይከፈት ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ብቻውን ሊጫወት የሚፈልግ ሰው እንኳ የከፈለበትን ነገር ሊጠቀምበት አልቻለም።

በአዲስ አበባ በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደር አንድ ወዳጅ አለኝ። ይህን ባነሳሁለት ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ቀላል የሚባል አይደለም። "አንተ ሰርቨር ለዘለዓለም እንዲሠራ ትፈልጋለህ፤ መብራቱን፣ የሠራተኛ ደመወዙን፣ ጥገናውን ማን ይከፍላል? አንድ አውቶቡስ ኩባንያ ተሳፋሪ ባይኖርም መስመሩን አታቋርጥ ይባላል?" ይለኛል። በዚህ ላይ ተጠቃሚው "እስማማለሁ" የሚለውን ራሱ ተጭኖ እንደገባ ያስታውሰኛል። መንግሥት በዚህ ውስጥ እጁን ካስገባ የሚጎዱት ትላልቆቹ ሳይሆኑ እንደ እርሱ ያሉ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው የሚሠሩ ጀማሪዎች እንደሚሆኑም ይሰጋል።

ከተናገረው ውስጥ እውነት አለ። ሰርቨር ያረጃል፤ ወጪም ያስወጣል። አንድን ሰው አንድ ጊዜ በተቀበለው ገንዘብ ዕድሜ ልኩን አገልግል ማለት ግፍ ነው። ነገር ግን የክርክሩ ነጥብ አገልግሎቱ ማብቃቱ ሳይሆን በሽያጩ ዕለት የተነገረው ቃል ነው። ኪራይ ከሆነ "ኪራይ" ተብሎ ለምን አይጻፍም? ቤት የሚከራይ ሰው አከራዩ ቤቱን መልሶ ስለሚረከበው አያማርርም፤ ጊዜውንና ዋጋውን አስቀድሞ አውቆታልና። የሽያጭ ቃል ተናግሮ፣ የሽያጭ ዋጋ ተቀብሎ፣ ቆይቶ ኪራይ ነበር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። "ተስማምቷል" የሚለውም ቢሆን በብዙ ገጽ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አንድ ቃል ሊቀየርበት የማይቻል ውል ላይ አንዲት ቁልፍ መጫን ነው። የተስማማበትን የማያውቅ ሰው ፈቃዱን ሰጠ ማለት ይከብዳል።

የፊቅህ ሊቃውንት በይዕንና ኢጃራን ለይተው ያስቀመጡት በከንቱ አይደለም። በይዕ ንብረቱን ከሻጭ ወደ ገዢ ያዛውራል፤ ኢጃራ ግን ለታወቀ ጊዜና ለታወቀ ዋጋ ጥቅሙን ብቻ ይሰጣል። ጊዜው ያልታወቀ ኪራይ ገረር፣ ማለትም ውጤቱ የማይታወቅና ለጭቅጭቅ የሚዳርግ ነገር አለበት ብለው ያወግዙታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር አስገብተው ከውስጥ እርጥበት እንዳገኙ፣ ነጋዴውም ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ወደ ላይ ማውጣት እንደነበረበት ገሥጸው እንደነገሩት በሐዲስ ተዘግቧል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ እርጥቡን በደረቁ መሸፈኑ ነበር። የሰርቨሩ ማርጀትም እንዲሁ የኩባንያው ጥፋት ላይሆን ይችላል። ሸቀጡ አንድ ቀን እንደሚቆም እያወቀ "ግዛ" ከሚለው ጽሑፍ ስር መቅበሩ ግን ጥፋቱ ነው።

ይህ ሲባል ግን የእኛም ቤት መፈተሽ አለበት። "እነርሱ ካታለሉን እኛም ሳንከፍል ብንገለብጥ ምን አለበት?" የሚል አነጋገር በከተማችን ኮምፒዩተር ቤቶች አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ጋር ያስቀምጠዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ እንደሆኑ ወስኗል። የሌላው ሰው ማታለል የእኛን መውሰድ ሐላል አያደርገውም። ውሉን ያልወደደ ሰው ሌላ በር አለው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገው የግኑ ፕሮጀክት ወዲህ ማንም ሊጠቀምባቸው፣ ሊመረምራቸው፣ ሊያሻሽላቸውና ለሌላው ሊያካፍላቸው የሚችል ፕሮግራሞች ተበራክተዋል። ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

እንግዲህ ሕግ ምን ያድርግ? የካሊፎርኒያ ግዛት በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣችውና ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሕግ መልካም ጅምር ነው። ሕጉ ዋጋ አይተምንም፤ ሰርቨር ለዘለዓለም ይሥራም አይልም። የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህ ለገዢው በግልጽ ሳይነገር "ግዛ" የሚለውን ቃል መጠቀም አይቻልም ይላል። በአውሮፓም ከ"ዘ ክሩ" መዘጋት በኋላ የተነሳው ዘመቻ በ2025 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ጥያቄው ጌም ሲዘጋ ለገዢው ሊሠራ በሚችል ሁኔታ ይተውለት የሚል ነው። ዩቢሶፍት ራሱ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ለቀጣዮቹ ሁለት የ"ዘ ክሩ" ጌሞች ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩበትን መንገድ እንደሚያዘጋጅ አስታውቋል። ከፍላጎቱ ጋር መንገዱም እንዳለ ከዚህ እንረዳለን። ወዳጄ ለሚሰጋላቸው ጀማሪዎችም ቢሆን እውነቱን በአንድ መስመር መጻፍ ወጪ አያስወጣቸውም።

ነገሩ የጌም ተጫዋች ወጣቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። መጽሐፉ፣ የልጆች ማስተማሪያው፣ የቤት ዕቃው፣ የሱቅ ሒሳብ መያዣው ሁሉ ወደዚሁ ንግድ እየገባ ነው። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ይህ ነገር ያለ ኢንተርኔት ይሠራልን? ኩባንያው ቢዘጋ ምን ይተርፈኛል? ለሌላ ማስተላለፍስ እችላለሁን? ብለን እንጠይቅ። በአገራችን ፕሮግራም ሠርታችሁ ለገበያ የምታቀርቡ ወጣቶች ደግሞ ከውጭዎቹ ኩባንያዎች ጥበባቸውን ስትቀስሙ ይህን ልማዳቸውን አትውሰዱ። ሽያጭ ከሆነ ሽያጭ፣ ኪራይ ከሆነም እስከ መቼ እንደሆነ ጨምራችሁ፣ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ፣ ከዋጋው ጎን ጻፉት። እርጥቡን ከላይ አድርጉት፤ አይቶ የሚገዛ ይገዛችኋል።