የሁለተኛው ሯጭ ዕዳ

የሀገሩን ስም በደረቱ ላይ ይዞ የተሸነፈ ስፖርተኛ ጥፋተኛ ነውን? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ መልሳችን ግን እንደ ስሜታችን ትኩሳት ሲለዋወጥ ኖሯል።

ምሩፅ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ፣ ለ5,000 ሜትር ማጣሪያ በመነሻው መሥመር ሳይገኝ ቀረ። ሮጦ የተሸነፈን ለመውቀስ ቢያንስ ሩጫው ይታያል፤ ያልሮጠውን ግን ሁሉም በየግምቱ ይፈርድበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተካሄደው ሁለተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታ፣ ያው ሰው የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ማሞ ወልዴም በአርባ ዓመቱ ማራቶኑን አሸነፈ። በ5,000 ሜትር ግን ምሩፅ በኬንያዊው ቤን ጂፕቾ ተቀደመ።

ከወርቁ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ብር ነው። ጂፕቾ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በ1,500 ሜትር የመጀመሪያውን ዙር በብርቱ ፍጥነት መርቶ፣ ራሱን አድክሞ፣ ለሀገሩ ልጅ ለኪፕቾጌ ኬይኖ ድል መንገድ የጠረገና ያለ ሜዳሊያ የተመለሰ ሯጭ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በተራው ሲያሸንፍ የእኛ ሯጭ ምን አጎደለ? የሜዳሊያ ሠንጠረዥ «አንድ ወርቅ ቀረ» ይላል፤ ሌላ ቋንቋ የለውም።

ስለ ሰንደቅ ዓላማ ክብር የሚከራከሩኝ ወዳጆች አሉ፤ አልንቃቸውም። በሕዝብ ገንዘብ የተላከ ሯጭ ያለ የሌለ ኃይሉን እንዲሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሰጠ በኋላ ግን የሚጠየቀው ምንድን ነው? በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ምሩፅ ሁለቱንም ርቀቶች ሲያሸንፍ «ካሰ» የሚል አለ። ሌጎስ ላይ ምን በድሎ?