ከየትኛው ቀን ጀምረህ ትቆጥራለህ?

ልጄ፣ በስልክ ያነሳህልኝን ጥያቄ «ጌም ነው እኮ» ብለህ አቃለልከው እንጂ ነገሩስ ቀላል አይደለም። «ክሮጋኖቹን ልፈውሳቸው ወይስ ባሉበት ልተዋቸው?» ነው ያልከኝ። ክረምቱን እዚህ እንሴኖ ስትከርም ኮምፒውተርህ ላይ የምታየውን ሁሉ እየተረጎምክ አጫውተኸኛልና ታሪኩን አውቀዋለሁ። ሰውን እንዲህ በሚያሳስብ ጨዋታ ላይ ጊዜህን ብታጠፋ አልቆጣህም። መልሱን ግን እንደ ሽማግሌ ነውና የምሰጥህ፣ ረጋ ብለህ አንብበው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ማስ ኢፌክት የሚባለውን ይህን ጨዋታ የካናዳው ባዮዌር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007፣ በ2010 እና በ2012 በሦስት ክፍል አወጣው። ታሪኩ የሚጀምረው በ2183 ነው። የሰው ልጅ ከምድር ወጥቶ ከሌሎች ዓለማት ፍጡራን ጋር ጎረቤት ሆኗል፤ አንተም ሼፓርድ የተባለውን አዛዥ ሆነህ በእነዚያ ወገኖች ጠብ መካከል ትገባለህ። ሲታደል በተባለ የጠፈር ከተማ ሸንጎ ተቀምጧል። አሳሪ፣ ሳላሪያንና ቱሪያን የተባሉ ሦስት ወገኖች ይፈርዱበታል።

ራክናይ የተባለ ጠላት ሸንጎውን ሊያጠፋ ሲቃረብ፣ ሳላሪያኖች ክሮጋን የተባሉትን ተዋጊዎች ፈልገው አገኙ። ክሮጋኖች በእርስ በእርስ የኑክሌር ጦርነት ዓለማቸውን አውድመው በፍርስራሹ ላይ ይኖሩ ነበር። ሳላሪያኖች መርከብና መሣሪያ ሰጥተው አሰለፏቸው፤ እሾህን በእሾህ መሆኑ ነው። ክሮጋኖች ተዋጉ፣ ሞቱ፣ ሸንጎውን አዳኑ፤ በምላሹም መሬት ተሰጣቸው። ቁጥራቸው በዛ፣ የተሰጣቸው አልበቃ አላቸው፣ የሌላውን መያዝ ጀመሩ። «ልቀቁ» ቢባሉ እንቢ አሉ፤ ጦርነት ሆነ። በመጨረሻ ሳላሪያኖች ጄኖፌጅ የተባለውን በሽታ ሠሩ፣ ቱሪያኖች በክሮጋኖች ላይ ለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ከ1000 የክሮጋን ጽንስ በሕይወት የሚወለደው 1 ብቻ ነው። ይህ ከሆነ ከ1000 ዓመት በላይ አልፎታል።

አሁን ሦስቱን በየተራ ጠይቃቸው። ክሮጋኑ ታሪኩን የሚጀምረው ሳይወለዱ ከሞቱበት ልጆች ነው። ቱሪያኑ ከተደመሰሱበት ሰፈሮቹ ይጀምራል። ሳላሪያኑ ደግሞ ከራክናይ ዘመን ጀምሮ፣ እኔ ባላስብ ኖሮ ማን ይተርፍ ነበር ይልሃል። አንዳቸውም አልዋሹም። ሆኖም ሁሉም የሚቆጥረው እሱ ከተመታበት ቀን ጀምሮ ነው፤ የመታበትን ቀን አንዱም አያነሳም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ የእነዚህ ችግር ግን እያንዳንዱ ወጊም ተወጊም መሆኑ ነው።

ይህን ስትነግረኝ እኔ ያሰብኩት የራሳችንን አገር ነው። በ2011 ዓ.ም. መባቻ በመስቃንና በማረቆ መካከል የተነሳውን ግጭት አንተም ታውቀዋለህ። ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ከዚያም በኋላ ተመላልሶ አገረሸ። እንሴኖም መሐሉ ላይ ነበረች። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች ትናንት መስቃንና ማረቆ በሚባል በአንድ ወረዳ አብረው ሲተዳደሩ የኖሩ ናቸው። ማረቆው ሊቢዶ ይናገራል፣ መስቃኑ ጉራጊኛ ይናገራል፤ አንደኛው ቋንቋ ከኩሽ፣ ሌላኛው ከሴም ወገን ነው። ቢሆንም በአንድ ገበያ ውለዋል፣ ተጋብተዋል፣ ለቅሶ ተደራርሰዋል። በእኛ አገር የማረቆ በርበሬ ያልገባበት ወጥ የት አለ? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ሁለቱም ወገን ለልጆቹ ሲያስተምር ኖሯል። ግጭቱ ሲመጣ ግን አንዱ የሚቆጥረው ከወሰን ጥያቄ ሆነ፣ ሌላው ከአስተዳደር በደል፣ ሌላው የእገሌ ልጅ ከሞተበት ማግስት። ማን ጀመረው የሚለውን እዚህ አልነግርህም። እኔ ብነግርህ አንተም ከእኔ ቀን ጀምረህ ልትቆጥር ነው፤ ያን ውርስ ላወርስህ አልፈልግም።

አባቶች ለዕርቅ ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሁለቱም ወገን ሳይቋረጥ እስኪጨርስ ማናገር ነው። ይሄ ጊዜ ማባከን የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። ሰው የሌላውን መነሻ ቀን ቁጭ ብሎ ካልሰማ የራሱን ቀን መነሻ ማድረጉን አይተውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ለክሮጋኖቹ ከመፍረድህ በፊት ሦስቱም ከየት እንደሚቆጥሩ በደንብ አዳምጥ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ፈውሳቸው። ምክንያቱን ልንገርህ። በእኛ ባህል ሰው ሰው ሲገድል የገዳይ ወገን ካሳውን ያዋጣል፤ አያቶቻችን ዕዳን ለወገን አካፍለዋል። ይህን ያደረጉት የሟች ወገን ደግሞ ሌላ ንጹሕ ሰው ገድሎ ደም እንዳይመላለስ ነው። ከብቱንም ገንዘቡንም ሁሉም ያዋጣል፤ ሞትን ግን ሁሉም አያዋጣም። ጄኖፌጅ የሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። ያመፁት ሰዎች ከሞቱ በኋላ ቅጣቱን ገና ባልተጸነሰው ላይ ጫነ። ያልተወለደ ልጅ በምን ሸንጎ ቀርቦ «እኔ አላጠፋሁም» ይላል? በወገኑ ስም ብቻ ሰው ሲመታ ካየህ፣ በጨዋታም ይሁን በገበያ፣ ያ ፍርድ አይደለም።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ያከበርኩት ሳላሪያኑን ሐኪም ሞርዲንን ነው። ክሮጋኖች በሽታውን እየተላመዱት ሲመጡ እንደገና እንዲጸናባቸው ያደረገው እሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ትክክል ነኝ ብሎ አስቦ፣ አስልቶ ነው የሠራው። በኋላ ግን መድኃኒቱን ይዞ በሚፈርሰው ግንብ ላይ ወጥቶ፣ ሕይወቱን ሰጥቶ በገዛ እጁ ረጨላቸው። አንድ ሰው ወገኑ የሠራውን በደል በራሱ እጅ ሲመልስ ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኛም ጋ የሚጎድለን እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የሳላሪያኖቹ ገዥ ደግሞ ሌላ መንገድ ታቀርብልሃለች። መድኃኒቱን አበላሽተህ የፈወስካቸው አስመስል፣ እኔም ጦር እሰጥሃለሁ ትላለች። የሁለቱንም ወገን ጦር ታገኛለህና ያጓጓል። እንዳታደርገው። «በአህያ ቆዳ የተሠራ ቤት ጅብ ሲጮኽ ይፈርሳል።» ሬክስ የተባለው የክሮጋን መሪ በሕይወት ካለ ተንኮሉን ደርሶበት ይመጣብሃል፤ ያን ጊዜ ትናንት ወንድሜ ያልከውን ሰው በጥይት ትጥላለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ለይስሙላ የታረቀ ሰው ቂሙን ከነልጁ ያሳድገዋል።

አንተ ያስቸገረህን ቦታም አልረሳሁትም። ሬክስ ሞቶ በምትኩ ሪቭ የተባለው በቀለኛ ሲመራቸው ምን ይደረግ? ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች እዚህ ላይ ደፍረዋል፤ ክሮጋኖችን የምታለዝበው ሴትም ከሌለች፣ ሞርዲን ራሱ ፈውሱን ትቶ እንዲሄድ ማሳመን ይቻላል። እዚህ ላይ ከሞርዲን ጋር አልስማማም። መሪው ክፉ ስለሆነ ሕፃኑ ይሙት ማለት ያንኑ የድሮ ፍርድ መድገም ነው። ስጋቱ ከንቱ ነው አላልኩም። ለስጋት ግን ሽማግሌ ሌላ መላ አለው፤ ዋስ ይጠራል፣ መሐላ ይገባል፣ ምስክር ይቆማል፣ ቃሉን ያፈረሰ ከማኅበር ይገለላል። ሰውን ፈውሶ እጁን በመሐላና በዋስ ማሰር ይቻላል።

አንድ የማልወድለትን ነገርም ልንገርህ። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ጠባይ ይሰጠዋል። ክሮጋን ሁሉ ቁጡ፣ ሳላሪያን ሁሉ ብልጥ፣ ቱሪያን ሁሉ ወታደር። ፍጡራኑ በእርግጥ የተለያዩ ስለሆኑ በዚያ ዓለም ያስኬድ ይሆናል። እኛ ግን አንድ ፍጥረት ነን፣ አንድ ደም ነን። «የእነሱ ወገን እንዲህ ነው» የሚለውን ወሬ ቡና ላይ ስትሰማው ይህን አስብ። ደግነቱ ጨዋታው ራሱ ይህን ያፈርሰዋል፤ የሚጸጸት ሳላሪያን አለ፣ ከጦርነት ይልቅ ስለ ልጆች የሚያስብ ክሮጋን አለ። አንተም በእነዚያ ሰዎች በኩል ተመልከት።

ሸንጎውንም አትርሳ። ቮለስ የተባሉት አጫጭር ነጋዴዎች የዚያን ዓለም የገንዘብ ሥርዓት አበጅተው ሳለ በሸንጎው ወንበር የላቸውም። የማይቀመጡበት ሸንጎ ይፈርድባቸዋል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰባት ቤት ጉራጌ የቃቄ ውርደወት የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ተከራክራለች። ሸንጎው የራሷ አገር ሸንጎ ነው፤ አባቶቿ የሚያከብሩት፣ እኛም የምናከብረው ነው። እሷ ግን ያልተሰማ ወገን እንዳለ በፊቱ ተናገረች። ባህልህን ስትወድ እንደ እሷ ውደድ።

ከሁሉ በላይ ግን እንድትይዝልኝ የምፈልገው የኳሪያኖችንና የጌዞችን ነገር ነው። ኳሪያኖች እንዲያገለግሏቸው የሠሯቸው ማሽኖች፣ ጌዞች፣ አንድ ቀን «ነፍስ አለን ወይ?» ብለው ጠየቁ። ኳሪያኖች ፈርተው ሊያጠፏቸው ተነሱ፤ ተሸንፈው ከአገራቸው ከራኖክ ተሰደዱ። ወደ 300 ዓመት ገደማ 17 ሚሊዮን ሆነው በመርከብ ሲንከራተቱ ኖሩ። ጌዞችም ባዶ የቀረችውን አገር እየጠበቁ፣ እያጸዱ ቆዩ። በመጨረሻው ክፍል ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። ዕርቁ ግን ያን ቀን በምትናገረው ቃል ብቻ አይመጣም። በቀደመው ክፍል ኳሪያኗ ታሊ በወገኖቿ ሸንጎ ስትከሰስ እንዴት እንደቆምክላት፣ የጌዙን የሌጂዮንን አመኔታ አግኝተህ እንደሆነ፣ ታሊና ሌጂዮን ሲጣሉ አስማምተሃቸው እንደሆነ፣ ሁሉም ተመዝግቦ ይመጣል። ይህ ካልተሟላ ከሁለቱ አንደኛው ሕዝብ ዓይንህ እያየ ያልቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ሽማግሌ ከተማ ሲነድ ተጠርቶ በአንድ ቀን ዕርቅ እንዲያወርድ ሲጠበቅበት አያለሁ፤ ዕርቅ የሚሠራው ከዚያ በፊት ባሉት ሰላማዊ ዓመታት ነው።

እዚያው ታሪክ ውስጥ የጌዞች ትዝታ ይከፈትልሃል። በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ለጌዞች ቆመው በገዛ ወገኖቻቸው የተገደሉ ኳሪያኖች ነበሩ። ኳሪያኖች ረስተዋቸዋል፤ ትዝታቸውን የያዙላቸው ጠላት የተባሉት ናቸው። ይህን ስትነግረኝ ዝም ብዬ ቀረሁ። በየትኛውም ግጭት ጎረቤቱን በጓዳው የሸሸገ፣ «ይህን ቤት አታቃጥሉም» ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው ይኖራል። የዚህን ሰው ስም የገዛ ወገኑ ብዙ ጊዜ አያነሳም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዕረፍትህ ስትመጣ ያን የማረቆ ጓደኛህን ይዘኸው ና። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ከእንሴኖ ተነስተን ኮሼ ድረስ አብረን እንሄዳለን። አያቱን «የእኛን ሰው ያዳነ ከእናንተ ማን ነበር?» ብለህ አንተ ትጠይቃቸዋለህ፤ እሱ ደግሞ «የእኛን ያዳነ ከእናንተ ማን ነው?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። የሁለቱንም ስም በአንድ ደብተር ጻፉልን፤ እኛ ሽማግሌዎች ሳናልፍ በፊት።