ስለ እጅ ድካምና ስለ ዳቦ መኪና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው ከሚመገበው ምግብ ሁሉ እንደ ዳቦ ብዙ ምስጢር የተነገረበት የለም። ጌታችን የተወለደባት ከተማ የቤተ ልሔም ትርጓሜ የእንጀራ ቤት ነው፤ እርሱም ራሱን የሕይወት እንጀራ ብሎ ጠርቷል፤ በየዕለቱ በምንጸልየው ጸሎት የምንለምነው የዕለት እንጀራችንን ነው፤ የኤማሁስ መንገደኞችም ከሙታን የተነሣውን ጌታ ያወቁት ኅብስቱን በቈረሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዳቦ በምን እንደሚቦካና በምን እንደሚጋገር መጠየቅ የወጥ ቤት ነገር ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ከነፍስ ጉዳይ የራቀ አይደለም። እኛም ይህን የተረዳነው ዘግይተን፣ እርሱም ከተሳሳትን በኋላ ነው።

በአዊ ዞን በጫግኒ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ቆመው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ነገሩ በኑዛዜ የተነገረ ስላልሆነና እርሳቸውም ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ይጻፍ ብለው ስለ ፈቀዱ፣ ስማቸውን ሳናነሣ እንጽፈዋለን። እኒህ እናት ወር በገባ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ሳያስታጕሉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ዱቄቱን ነፍተው፣ በቡሃቃ አቡክተው፣ ኮባ አንጥፈው፣ ከታችም ከላይም እሳት አድርገው ድፎ ይጋግራሉ፤ ጎረቤትም ይቀምሳል፤ በደጅ የተቀመጠ ነዳይም ድርሻውን ይወስዳል። አሁን ግን ባላቸው ዐርፈዋል፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል፤ የቀኝ ትከሻቸውም ታሟል። በውጭ አገር የምትኖር ልጃቸው የእናቷን ሕመም ሰምታ በመንገደኛ እጅ አንድ የዳቦ መኪና ላከችላቸው። የዛሬ ሰዎች ማሽን ይሉታል፤ እኛ ግን የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና ስንል እንዳደግን የዳቦ መኪና ብንለው አንባቢ ይረዳናል።

ዳቦው መልካም ሆነ። ነገር ግን ጎረቤቶች «ላብ ያልፈሰሰበት ዳቦ ዝክር ይባላልን?» እያሉ ያንሾካሽኩ ጀመር። ስለዚህ እናታችን «አባቴ፣ ይህ መኪና የጋገረውን ለመልአኩ ዝክር ባቀርበው ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ብለው ጠየቁን። እኛም ሳንመረምር «እናቴ፣ ዝክር የእጅ ድካም ያለበት ቢሆን ይሻላል፤ መኪናውን ለቤትዎ ምግብ ያድርጉት» አልናቸው። እጅ ነሥተው ሄዱ።

በሚቀጥለው ወር በ12 ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ልንጠይቃቸው ብንሄድ፣ ግማሹ ያልታሸ ሊጥ በቡሃቃው ውስጥ ደርቆ፣ እርሳቸውም ክንዳቸውን በነጠላ ጠቅልለው ተቀምጠው አገኘናቸው። «አባቴ፣ አቅሜ አልደረሰም» አሉን። በደጃቸው የቆዩት ነዳያን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ነበር። ቃላችን በታመመ ትከሻ ላይ የተጫነ ሸክም እንደ ሆነ ያን ቀን አየን። ጌታችን ከባድ ሸክም አስረው በሰው ጫንቃ ላይ የሚጭኑትን፣ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት የማይወዱትን መምህራን እንዴት እንደ ገሠጻቸው እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ያ ተግሣጽ ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለን ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ገና ከሥሩ መመርመር ግድ ሆነብን።

አስቀድሞ መኪናው ምን እንደሚሠራ መናገር ይገባል፤ ያላዩትን ነገር መፍረድ ስሕተት ነውና። መኪናው በውስጡ አንድ መጠነኛ ድስት የሚመስል ዕቃ አለው፤ በዕቃው መካከል ሊጡን የሚያሽ ትንሽ መቅዘፊያ ይዞራል፤ በዙሪያው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት አለ። ውኃው፣ ጨውና ስኳሩ፣ ዱቄቱም ተሰፍረው ይገባሉ፤ ደረቁ እርሾ ውኃውንና ጨውን አስቀድሞ እንዳይነካ በመጨረሻ ከላይ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ መኪናው ራሱ ያቦካል፣ ያሳርፋል፣ እስኪነሣ ይጠብቃል፣ ይጋግራል፤ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ የሚያንስ አንድ ዳቦ ያወጣል። ሊጡን ብቻ አቡክቶ እንዲያቆምም ሊታዘዝ ይችላል። መብራት በመካከል ቢጠፋ ግን ሊጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ የስፍራውን ጠባይም አያውቅም። ጫግኒ ከእንጅባራ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለ ሆነች ሊጥ ፈጥኖ ይነሣባታል፤ ስለዚህ እርሾውን መቀነስ የሰው ፈንታ ነው።

መኪናው ከማን እንደ ተማረም እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. ይህን መሣሪያ ለገበያ ያወጣው ማቱሺታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ሠሪዎቹ በመጀመሪያ ቢሞክሩ ዳቦው ከውጭ እያረረ ከውስጥ ጥሬ እየሆነ አስቸገራቸው። ከእነርሱ መካከል ኢኩኮ ታናካ የተባለች ሴት በኦሳካ ከተማ በአንድ ሆቴል ዘንድ ስመ ጥር ከሆነ ዳቦ ጋጋሪ ገብታ ደቀ መዝሙር ሆነች። እጁ ሊጡን ሲስብና ሲጠመዝዝ ተመለከተች፤ ራሷም እየሞከረች ተማረች፤ ከዚያም ተመልሳ መኪናው ያንን የእጅ አኳኋን እንዲከተል ከባልንጀሮቿ ጋር አደረገች። እንግዲህ መኪናው የሰው እጅ የሌለበት ነገር አይደለም፤ በውስጡ የአንድ ጋጋሪ እጅና የአንዲት ተማሪ ትሕትና አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ድካም በራሱ ጽድቅ ነውን? መጽሐፍ ቅዱስ ሥራንና ድካምን አንድ አያደርግም። አዳም ገነትን ይሠራትና ይጠብቃት ዘንድ የተሾመው ከበደል በፊት ነው፤ በላብ እንጀራን መብላት ግን ከበደል በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ሥራ የክብር ነው፤ የሥራ ሥቃይ ግን የውድቀት ፍሬ ነው። የውድቀትን ፍሬ በትዕግሥት የተቀበለ ዋጋ አለው፤ ከባልንጀራው ላይ ያቃለለም ዋጋ አለው፤ በታመመ ሰው ላይ የጫነ ግን ዋጋ የለውም። እናቶቻችን በሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ጉልበታቸው ይዝል፣ ወገባቸው ይጎብጥ ነበር። የሞተር ወፍጮ በየከተማው ከተተከለ ወዲህ ዛሬ ለዝክር ዱቄት ወደዚያ የማይልክ ማን ነው? ትናንት በዱቄቱ ያላየነውን ኃጢአት ዛሬ በሊጡ ላይ ማየታችን ምክንያቱ ምንድን ነው?

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ንጉሥ ዳዊት መሥዋዕት ሊሠዋ በወደደ ጊዜ ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ልስጥህ ቢለው፣ ያለ ዋጋ ያገኘሁትን ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ በ50 ሰቅል ብር ገዛ። ታዲያ ምንም ያልደከምንበትን ዳቦ ማቅረብ የዳዊትን ምሳሌ መተው አይደለምን? ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም፤ እኛም በመጀመሪያ ያን መልስ የሰጠነው ይህን ይዘን ነበር። ነገር ግን ዳዊት የከፈለው ላቡን ሳይሆን ብሩን ነው፤ ዋጋ መክፈል ማለት የግድ ክንድ ማድከም አይደለም። ለጤነኛ ጐልማሳ ማቡካት ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለባልቴቲቱ ግን ዱቄቱን መግዛት ራሱ ሁለቱ ሳንቲሞቿ ናቸው። እግዚአብሔር የሚመዝነው ሰጪው ከራሱ ምን እንዳጐደለ ነው። መኪናው ሦስት ሰዓት ካተረፈልን ያ ጊዜ አሁን በእጃችን ያለ አዲስ ገንዘብ ነው። ለእንቅልፍና ለወሬ ካዋልነው በእውነት ያለ ዋጋ አቅርበናል፤ ለጸሎት፣ ሕሙም ለመጠየቅ፣ የተጣላ ለማስታረቅ ካዋልነው ግን የዳዊትን ዋጋ ከፍለናል።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ረኃብ በሆነ ጊዜ ጎተራ ያላቸውን ሰዎች ሲገሥጽ፣ በእጃችሁ ይዛችሁ ያስቀራችሁት እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው ብሎ አስተማረ። ይህን ትምህርት የጫግኒ ሰው በዓይኑ አይቶታል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ከከተማው አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ በድንኳን በተጠለሉ ጊዜ፣ ልጅ ያዘለች እናት የተሰጣትን ቁራሽ ማን አቦካው፣ በምንስ ተጋገረ ብላ አልጠየቀችም። የተራበ ሰው የሚያውቀው መድረሱንና አለመድረሱን ነው። በዚያ በባልቴቲቱ ደጅ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ነዳያንም እንደዚሁ ነበሩ፤ ላብ ያለበት ዳቦ ይምጣልን አላሉም፤ ዳቦው በእኛ ቃል ምክንያት ቀረባቸው።

እንዲህም ሆኖ የጎረቤቶቹ ማጕረምረም ከንቱ ነበር ብለን አናልፈውም። ጠጋ ብለን ብንጠይቃቸው ከአንደበታቸው የወጣው ሌላ ነገር ነው። አንዷ «ድሮ በ11 ማታ ትጠራን ነበር፤ አንዷ ታቦካለች፣ አንዷ ኮባ ታመጣለች፣ አንዷ እሳት ታነዳለች፤ እርሾም እንዋዋስ ነበር። አሁን በሩ ተዘግቶ መኪና ሲያጕረመርም እንሰማለን» አለችን። ቅሬታቸው ስለ ላብ አልነበረም፤ አለመጠራታቸው ነው። የሃይማኖት ክርክር ያስመሰሉት ኀዘናቸውን የሚገልጹበት ሌላ ቃል ስላጡ ነበር። ልብ አድርጉ፣ የመኪናው እውነተኛ ፈተና ያለው ከዚህ ላይ ነው። ድፎ ዳቦ በባሕርዩ ለብዙ ሰው የሚጋገር ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣውና ሊያገላብጠው ያስቸግረዋል፤ ብቻውንም አይጨርሰውም። መኪናው ግን በአንድ ጊዜ የሚጋግረው ለአንድ ትንሽ ቤት የሚበቃውን ነው። እርሾውም በወረቀት ታሽጎ ከሱቅ ስለሚመጣ ከጎረቤት የሚያስለምን አይደለም። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ መሣሪያው በመጠኑ ብቻ ሰውን ብቻውን መብላት ሊያስለምደው ይችላል። አባቶቻችን ደግሞ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለዋል። በወንጌል ምሳሌ ያለችው ሴት እንኳ እርሾዋን የሸሸገችው በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ነው፤ ያ ለአንድ አፍ የሚሆን አይደለም።

እንግዲህ ለእናታችን የሰጠነውን ሁለተኛውን ምክር እንናገር። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ቀጥለን መኪናው ሊጡን ብቻ አቡክቶ እንዲያቆም አድርገው፣ ሦስት ጊዜ አስቡክተው ሊጡን በቡሃቃ አንድ እንዲያደርጉት፣ ከዚያም ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው እንደ ቀድሞው በኮባ ድፎ እንዲጋግሩ መከርናቸው። በሚመጣው 11 ማታ ያ ቤት እንደ ገና በሰው ተሞላ። ያቺ ያጕረመረመችው ጎረቤት እሳቱን አነደደች፤ ሌላይቱም መቅዘፊያው ሲዞር ለማየት ጐንበስ ብላ ስትሥቅ ነበር። በማግሥቱ ነዳያኑ ድርሻቸውን ወሰዱ። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓልም በዚሁ መንገድ በመኪና ከቦካው ሊጥ የሰፈሩ ልጆች በእጃቸው እያድቦለቦሉ ሙልሙል ሠሩበት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ መለየት አለበት። የተናገርነው ሁሉ ስለ ቤት ዳቦ፣ ስለ ዝክርና ስለ ጠበል ጸዲቅ ነው፤ ስለ ቍርባን ኅብስት አይደለም። ያ በቤተ ልሔም ውስጥ፣ በተሾሙ አገልጋዮች እጅ፣ ከመገበሪያው ጀምሮ ተለይቶና በንጽሕና ተጠብቆ የሚዘጋጅ ነው። ምክንያቱ ድካም ስለሚፈለግበት አይደለም፤ ሥርዓት ስለ ሆነ ነው። አንዱን ስለ ፈቀድን ሌላው ተፈቀደ ብሎ የሚያስብ ካህንም ሆነ ምእመን እንዳይኖር እናሳስባለን።

የተወደዳችሁ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ ዛሬ የዳቦ መኪና መጣ፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይመጣል። አዲስ መሣሪያ ወደ ቤታችን በገባ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች እንጠይቅ፤ ይህ ነገር የማንን ትከሻ አሳረፈ? ማንንስ ከደጃችን አስቀረ? የደከመን ካሳረፈ ስለ እርሱ እግዚአብሔርን እናመስግን። ሰውን ካስቀረ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ ነውና በሩን እንክፈት፤ የቀረውንም እንጥራ። እኛ መምህራንም መልስ ከመስጠታችን በፊት የጠያቂውን ክንድ እንመልከት።

ለአምስት ሺህ ሰው አምስት እንጀራ ባርኮ ያበቃ አምላክ የሁላችንን ማዕድ ይባርክ፤ ለብቻ ከመብላትም ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።