ያላዩትን አለመመስከር

የሰው ልጅ የእጁን ሥራ የሚቈጣጠርበት መንገድ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። ቀድሞ በፋብሪካ ውስጥ የመኪናውን ጤንነት ለማወቅ የሚሻ አለቃ፥ መዳፉን በብረቱ ላይ አሳርፎ ሙቀቱን ይመረምር፥ ጆሮውን አቅንቶ ድምፁን ያዳምጥ ነበር። ዛሬ ግን ይህን አገልግሎት የሚሰጡት በየሞተሩና በየኩሽኔታው ላይ የተተከሉ ጥቃቅን መለኪያዎች ናቸው። ሙቀቱን፥ ንዝረቱንና የዘይቱን ግፊት ወደ ቊጥር እየለወጡ ለኮምፕዩተር ይልካሉ፤ ኮምፕዩተሩም የፕሮግራም ጸሐፊው እንዳዘዘው፥ ደኅና የሆነውን በአረንጓዴ፥ የሚያሠጋውን በቀይ ቀለም በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ተቈጣጣሪውም ርቆ ተቀምጦ፥ ያላየውን መኪና እንዳየ ሆኖ ይፈርዳል።

ስለዚህ የፕሮግራሙ ጸሐፊ በመኪናውና በሰው መካከል የቆመ ምስክር ነው። ምስክር የሆነ ሁሉ ደግሞ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ ይኸውም «ይህን የምትናገረው አይተህ ነውን? ወይስ ይሆናል ብለህ?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል የአንድ ኩሽኔታ ሙቀት 62 ዲግሪ፥ ምልክቱም አረንጓዴ ነው እንበል። ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ሽቦው ተቈረጠ፤ ከመለኪያው የሚመጣው ወሬ ቀረ። በዚህ ጊዜ ፕሮግራሙ ምን ይበል? 62ን በአረንጓዴ ማሳየቱን ቢቀጥል፥ ያለፈውን ደኅንነት ለአሁኑ መመስከሩ ነው። ዜሮ ብሎ ቢያሳይ፥ ምናልባት የጋለውን ብረት ቀዝቃዛ ማለቱ ነው። ሦስተኛውና ትክክለኛው ቃል «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ አላውቅም» የሚለው ነው። ይህ ቃል ግን በፋብሪካው ኃላፊዎች ዘንድ እምብዛም አይወደድም፤ ጠጋኙን ከእንቅልፉ ያስነሣል፥ ሥራ ያስፈታል፥ ችግሩም የሽቦ ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አረንጓዴው ግን ሁሉን ደስ ያሰኛል። የጸሐፊው ኅሊና የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስለን፥ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ፥ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር 1979) የደረሰውን እንመልከት። ግፊት ሲበዛ የሚከፈት አንድ ቫልቭ ተከፈተ፤ ይዘጋ ዘንድ ቢታዘዝም ሳይዘጋ ቀረ። በተቈጣጣሪዎቹ ፊት የነበረችው መብራት ግን ጠፋች፤ እነርሱም ቫልቩ ተዘጋ ብለው አመኑ። መብራቲቱ የተሠራችው ትእዛዙን እንድትናገር እንጂ የቫልቩን መዘጋት እንድታይ አልነበረም። ማቀዝቀዣው ውሃ በዚያ ቀዳዳ ከ2 ሰዓት በላይ ሲፈስ፥ ሰዎቹ ውሃ የበዛ መስሏቸው የመጠባበቂያውን ውሃ ቀነሱ። ለአደጋው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ፍጻሜው ግን የማብላያው እምብርት ግማሽ ያህል መቅለጥ ሆነ።

በ2002 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር 2010) የተገለጠው ስታክስኔት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ፥ የዩራኒየም ማበልጸጊያ መኪናዎችን በምስጢር እያበላሸ፥ አስቀድሞ የቀዳውን የደኅና ጊዜ ምልክት መልሶ ለማሳየት የተዘጋጀ ነበር። ይህ በተንኰል፥ ያኛው ባለማስተዋል የተደረገ ነው። የሠሪዎቹ ሐሳብ እንደ ሰማይና ምድር ይራራቃል፤ በምልክቱ ፊት ለተቀመጠው ሰው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ያልሆነውን ሆነ ብለው ነግረውታልና።

አንዳንድ ሰው ምናልባት «ጸሐፊው የተሰጠውን ቊጥር ከማሳለፍ በቀር ምን አደረገ? ውሸት አልተናገረም» ይል ይሆናል። ነገር ግን ውሸት አለመናገር አንድ ነገር ነው፤ ሰው በቃላችን ተማምኖ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ሌላ ነገር ነው። አረንጓዴውን ቀለም የመረጠ ሰው፥ ያ ቀለም ተመልካቹን «ዕረፍ» እንደሚለው ያውቃል። ስለ ጥቃቅኑ ሁሉ የሚጮኽ ምስክርም እንዲሁ አይጠቅምም፤ በዚያው ማመንጫ ከመቶ በላይ ማስጠንቀቂያዎች ባንድ ጊዜ ጮኸው ተቈጣጣሪዎቹን ግራ አጋብተዋቸዋል። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል፤ የጋለ ብረት ግን እስኪነጋ አይታገሥም።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም በመሥሪያ ቤት ወረቀት የማገላብጥ ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት የአንድ ትምህርት ቤት ጣራ ይጠገን ዘንድ ደብዳቤ ጽፌ ወጪ ካደረግሁ በኋላ፥ በወሩ ሪፖርት ላይ «ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍሁ። አለቃዬም ቃሌን አምነው ጉዳዩን ዘጉት። ክረምት ከገባ በኋላ አንድ የተማሪ አባት መጥተው «ጌታዬ፥ ጣራው እኮ ዛሬም በልጆቹ ላይ ያፈስሳል» ባሉኝ ጊዜ፥ መሳሳታቸውን ላስረዳቸው መዝገቤን ገለጥሁ። ቃሉን ሳነበው አፈርሁ፤ የተፈጸመው የደብዳቤው መላክ ብቻ ነበርና። ያን ሁሉ ወራት የእኔ መብራት አረንጓዴ ነበረች።

እንግዲህ መኪና የሚቈጣጠር ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣትም ሆነ መዝገብ የሚይዝ ሹም፥ ሦስት ቃላትን ለይቶ ሊጽፍ ይገባዋል፤ እነርሱም «ታዘዘ»፥ «ተፈጸመ»፥ «አይታወቅም» ናቸው። ሦስተኛው ለጊዜው ያሳፍራል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ተነሥቶ መኪናውን፥ ወይም ጣራውን፥ በዐይኑ ሄዶ እንዲያይ የሚያደርገው እርሱ ነው።