ሽምግልናን ማክበር በሥራ ይገለጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አባትና እናትን የማክበር ትእዛዝ የረጅም ዕድሜ ተስፋ ያለው መሆኑን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች አስተምሯል። ስለዚህ የአረጋውያን ጤና የሐኪም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእኛም የእምነት ግዴታ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ የአራዳ አረጋውያን ወደ ከተማይቱ ዳር ተዛወሩ። ቤት ቢተካ እንኳ የቡና ጎረቤት፣ ዕድርና በእግር የሚደረስበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ በአንድ ቀን አይተኩም። ማለዳ ወደ ኪዳን መሄድ ለነፍስም ለጉልበትም ይበጅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ብቸኝነትም የልብ ሕመምን እንደሚያባብስ ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁለት ሁለት ሆነን እንጠይቃቸው፤ አብረናቸው እንራመድ፤ ደም ግፊታቸውን እንዲለኩ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሳቸው፤ በጾም ወራት ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒት እንዳያቋርጡ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንምከር። ወር በገባ በ23 ቀንም ለሰማዕቱ መታሰቢያ ወደ አራዳ እናምጣቸው። በጸሎት ስማቸውን እየጠራን ደጃቸውን ካልረገጥን፣ አክብሮታችን የአፍ ብቻ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።