ተከታዩን በምን ሚዛን እንመዝነው?

ከተወደደ ሥራ ቀጥሎ የሚመጣ ሥራ ብዙ ጊዜ ዳኛ ሆኖ የሚጠብቀው ትዝታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በጆርጅ ሉካስ የተጀመረው «ስታር ዋርስ» የተባለው ተከታታይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም በ2015 ሰባተኛ ክፍሉ በታየ ጊዜ፣ የቫቲካን ጋዜጣ «ሎሰርቫቶሬ ሮማኖ» ነቀፌታ አቀረበበት። ዋናው ነቀፌታም የክፋት ወገን የሆኑት ገጸ ባሕርያት ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸሩ ደካሞች ናቸው የሚል ነበር። ለመሆኑ የኋለኛውን በፊተኛው መመዘን ፍትሕ ነውን?

መልሱን ከአገራችን ዜማ እንፈልግ። በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው የባቲ ከተማ ስም፣ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ዐበይት ቅኝቶች የአንዱ መጠሪያ ነው። በባቲ ቅኝት የሚያዜመውን ወጣት አዲስ ቅኝት እንዲፈጥር አንጠይቀውም፤ የቀደሙትን ድምፅ እንዲቀዳም አንሻም። ቅኝቱን መጠበቁንና የራሱን ነፍስ መጨመሩን እንመረምራለን እንጂ።

የፊልሙም ነገር እንደዚሁ ነው። የተከታታዩ ቅኝት የመልካምና የክፉ ትግል ነውና፣ ስሙን ወድዶ የወረሰ ክፍል በዚሁ ቢመዘን አይበደልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ፣ ክፋትን በጥበብ ማሳየት ሰውን በጥልቀት ለማወቅና የእውነትን ታላቅነት ለመግለጥ ሊረዳ እንደሚችል፣ ነገር ግን ለግብረ ገብ ሕግ መገዛት እንዳለበት ያስተምራል። እንግዲህ ክፋት እንደ ቀላል ነገር ከተሣለ በእርሱ ላይ የሚገኘው ድልም ይቀልላል፤ ተመልካቹ ወጣትም በልቡ ያለውን ፈተና አቅልሎ ያያል። ስለዚህ ጋዜጣው ያነሣው ጥያቄ ከናፍቆት ያለፈ ነው።

ሆኖም ይህን ሚዛን ከጥበብ ሥራ አውጥተን በሰው ላይ ስናውለው በደል ይሆናል። ፊልሙ የቀዳሚውን ስም መርጦ ይሸከማል፤ ታናሽ ልጅ ግን የታላቁን ስኬት ሊሸከም አልመረጠም። አዲስ የተሾመ ቆሞስም የቀድሞው ቅጂ እንዲሆን አልተላከም። እግዚአብሔር እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶታልና፣ «እንደ ወንድምህ ለምን አልሆንክም?» የሚለው ወቀሳ ጥሪውን ይሸፍንበታል።

ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ስለ ፊልም ስትወያዩ፣ «ከመጀመሪያው ይሻላልን?» ከማለት አስቀድማችሁ «ስለ ክፋትና ስለ መልካምነት ምን አሳየን?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀድሞውን ዘመን ማወደስ ሁልጊዜ ጥበብ እንዳልሆነ መጽሐፈ መክብብ (7፥10) ያሳስበናል። ሥራን በገባው ቃል፣ ሰውን ግን በተሰጠው ጸጋ እንመልከት።