በደፈረሰ ውሃ መንገዱን የማያጣ ዓሣ

ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ወራት ከወዳጆቹ ጋር ሲከራከር የፈጣሪን ጥበብ ከአራዊትና ከባሕር ዓሦች ጠይቀው እንዲረዱ አመልክቷቸዋል። እኛም የዚህን አባት ምክር ተከትለን፥ በጋሞ ምድር ከሚገኝ ከአንድ ፍጥረት ትምህርት ልንቀስም ወደድን።

ከገረሴ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ ስምጥ ሸለቆውን ያገኛል፤ በዚያም ጫሞና አባያ የተባሉት ሐይቆች ተዘርግተዋል። በመካከላቸው ያለውን ከፍታ ሕዝቡ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። የአባያ ውሃ ጎርፍ በሚያወርደው አፈር ምክንያት የደፈረሰና ቀላ ያለ ነው። በእነዚህ ሐይቆች ሊቃውንት ሞርሚረስ ብለው ከሚጠሩት ወገን የሆኑ ዓሦች ይኖራሉ። ከእነርሱም አፉ ረዝሞ የዝሆን ኩምቢ የሚመስል አለ፤ ሌሊት ሌሊት የውሃውን ወለል እየፈተሸ ትንንሽ ነፍሳትን ይለቅማል።

ዓይን በማያይበት ጭቃ ምግቡን እንዴት ያገኛል ቢሉ፥ በጅራቱ ሥር ከጡንቻ የተበጀ ብልት አለውና ከዚያ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል እያወጣ በዙሪያው ይዘረጋል። ድንጋይ ወይም ሕያው ፍጥረት ሲቀርብ ያ ኃይል ይለወጣል፤ ለውጡንም በቆዳው ላይ ያሉት ሕዋሳት ያስተውሉታል። ጭቃ ብርሃንን ይጋርዳል እንጂ ይህን ኃይል አያግደውም። ደካማም ስለ ሆነ ማንንም አይጎዳም።

ይህ ምስጢር ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ከቆየ በኋላ፥ ሐንስ ሊስማን የተባለ የካምብሪጅ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም.፥ የሞርሚረስ ዘመድ የሆነውና በሀገራችን በባሮ ወንዝ የሚገኘው ጂምናርከስ ይህን ኃይል ያለ ማቋረጥ እንደሚያወጣ ገለጠ። በ1958 ዓ.ም.ም ከባልደረባው ጋር ሆኖ ዓሣው በዚህ ኃይል በአጠገቡ ያለውን ነገር ለይቶ እንደሚያውቅ አስረዳ። ከዚያም በኋላ ሁለት ጂምናርከሶች ተቀራርበው ምታቸው ሲመሳሰል፥ አንዱ የሌላውን እንዳያደናግር ምታቸውን እንደሚለውጡ ታወቀ።

እንግዲህ እናስተውል። ዓሣው ውሃው እስኪጠራ ድረስ አልተቀመጠም፤ የተሰጠውን ጥቂት ኃይል ሳያቋርጥ ይልካል፥ የሚመለስለትንም በጥንቃቄ ይሰማል። ጸሎትም እንዲሁ ነው። ዘመኑ ጨለመብን እያልን ጸሎትን የተውን ሰዎች ከዚህ ፍጥረት ፊት እናፍራለን። የጂምናርከስም ጠባይ፥ ድምፃችን የወንድማችንን ድምፅ እንዳያጠፋ ፈቀቅ ማለት ለሁለታችንም እንደሚበጅ ያስተምረናል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ነገር ይቀረናል። ዓሣው በጭቃ ውስጥ መኖር መቻሉ ውሃውን ለማደፍረስ ፈቃድ አይሆነንም። በደጋው ዛፍ ሲጨፈጨፍ፥ ዳገቱም ያለ እርከን ሲታረስ፥ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ሐይቅ ይገባል። የጋሞ አባቶች ዳገቱን በድንጋይ እርከን የደገፉት፥ በደጃቸውም እንሰት የተከሉት፥ ምድሪቱን ለልጆቻቸው ለማቆየት ነው።

የነፍስም ነገር ከዚህ አይለይም። የባልንጀራችንን ሕይወት በሐሜትና በጠብ አደፍርሰን፥ መንገዱን ሲስት ባየነው ጊዜ «እምነት ቢኖረው ኖሮ ባልጠፋ» እንላለን። የእርሱ እምነት መጽናት ለእርሱ አክሊል ነው፤ ጭቃውን ላወረድነው ግን ይቅርታ አይሆንም። ይህም ከሁሉ አስቀድሞ እኛን አገልጋዮችን ይመለከታል፤ እኛ ከላይ፥ ከደጋው ላይ ነንና፥ ከእኛ የሚወርደው ሁሉ በታች ባሉት ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ በገረሴም ሆነ በሌላው ደብር ያለን ካህናትና ምእመናን፥ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ያለውን ዛፍ እንደምንጠብቅ አንደበታችንን እንጠብቅ፤ አፈሩንም እርከን እንደሚያቆመው ቍጣችንን በትዕግሥት እናቁም። በጨለማ ላለው ወንድማችን ብርሃን ልንሆንለት ባንችል እንኳ ውሃውን አናደፍርስበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።